እግራችሁ መሬት የሚነካው ስንቴ ነው?

ለብስክሌት ነጂዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ብስክሌቱ ቆሞ፣ እናንተም ኮርቻው ላይ እንዳላችሁ፣ ማንም ሳይነካችሁ ወደ ጎን የወደቃችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ።

አየሁ። ብዙ ናችሁ። እጁን ያላወጣ ሰው ወይ ገና ጀማሪ ነው፣ ወይ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጧል።

የእኔን ልንገራችሁ። ፔዳል ላይ የሚቆለፍ ጫማ የገዛሁ ሰሞን ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ችግር ነዳሁ። ቀይ መብራት ላይ ደረስኩ። ፍሬን ያዝኩ፣ ቆምኩ። ከዚያ ቀኝ እግሬን መሬት ላሳርፍ ስል እግሬ የለም። ማለቴ አለ፤ ግን ከፔዳሉ ጋር ነው። እንደተቆረጠ ዛፍ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ ዘመምኩ። አጠገቤ በቆመ መኪና ውስጥ ያሉ ሴትዮ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ጫማዬ ነው ልበል?

ጫማው ደግሞ ምንም አልጎደለውም። የካርቦን ሶል ያለው፣ ላባ የሚያክል፣ የሚያምር ጫማ ነበር። ብቻ ለእኔ አልተሠራም። እኔ ያኔ የምነዳው በየመስቀለኛው እየቆምኩ፣ ደረጃ ላይ ብስክሌቴን እየተሸከምኩ ነው። ያ ጫማ ደግሞ አንዴ ወጥቶ እስኪመለስ እግሩን ለማያወርድ ሰው የተሠራ ነው።

ከዚያ ወዲህ የብስክሌት ጫማ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በአንድ ጉዞ እግርህ መሬት የሚነካው ስንቴ ነው? ሰው ስለ ፍጥነት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ካርቦን እንዳወራለት ይጠብቃል። እነሱ በኋላ ይመጣሉ። ጫማ ሁሉ ፔዳል ላይ ጥሩ ነው። የሚለያየው መሬት ላይ ነው።

ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ድሮ ተወዳዳሪዎች እግራቸውን ፔዳል ላይ የሚያስሩት በብረት ቀፎና በቆዳ ጠፍር ነበር። እግር ቀፎው ውስጥ ይገባል፣ ጠፍሩ ይጠብቃል። ለመውጣት ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጅ ማላላት ያስፈልጋል። ወድቆ መማር ያኔ ነበር እንጂ የእኛማ ቀልድ ነው። ሉክ የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ደግሞ የበረዶ ሸርተቴ ማሰሪያ ይሠራ ነበር። የሸርተቴ ማሰሪያ ጫማውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ሰውየው ሲወድቅና እግሩ ሲጠመዘዝ ግን ራሱ ይለቃል። ይህንኑ ሐሳብ በ1984 ወደ ፔዳል አመጡት። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳዊው ተወዳዳሪ በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስ የሚባለውን ታላቅ የብስክሌት ውድድር አሸነፈ። ጠፍሩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

በነገራችን ላይ ይህ ፔዳል በእንግሊዝኛ «ክሊፕለስ» ይባላል። ክሊፕ የሌለው ማለት ነው። የሌለው ያ የድሮው ቀፎ ነው። ጫማውን ቀጭ አድርጎ የሚቆልፈውን ፔዳል «መያዣ የሌለው» ብሎ መጥራት ጀማሪን ለማደናገር ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። እኔ ዛሬ የሚቆለፍ ፔዳል እያልኩ እቀጥላለሁ።

የሚቆለፈው ክፍል ጫማው ሥር በብሎን የሚታሰር ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ክሊት ይባላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ክሊቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከፔዳሉ ጋር ነው እንጂ ከጫማው ጋር አይደለም። ጫማው ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ጫማ ስትገዙ መጀመሪያ ገልብጡት። ፊቱን ሳይሆን ሆዱን እዩ።

ሦስት ቀዳዳ በሦስት ማዕዘን ካያችሁ የኮርስ፣ ማለትም የአስፋልት ውድድር ብስክሌት፣ ጫማ ነው። ለሉክ ኬኦና የጃፓኑ ድርጅት ሺማኖ ለሚሠራው ኤስፒዲ ኤስኤል ዓይነት ፔዳል ይሆናል። ክሊቱ ትልቅ ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ከሶሉ በታች ወጥቶ ይታያል። ትልቅ መሆኑ ጥሩ ነው። ጫናው ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል፣ እግር ፔዳሉ ላይ ጸንቶ ይቀመጣል። መሬት ላይ ግን በተረከዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ጣታችሁ ወደ ላይ፣ እንደ ዳክዬ። ለስላሳ ንጣፍ ላይ ያንሸራትታል። በተራመዳችሁ ቁጥር ደግሞ ፕላስቲኩ ይበላል።

ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳና ረዘም ያለ ቦይ ካያችሁ የሁለት ብሎኑ ወገን ነው። ሺማኖ በ1990 ኤስፒዲ ብሎ ያወጣው፣ በኋላ ክራንክብራዘርስ የሚባለውን ድርጅትና ሌሎችንም ያቀፈው ማለት ነው። የተሠራው ለማውንቴን ብስክሌት ነው። ጭቃ ውስጥ ወርደህ ብስክሌትህን ትገፋለህ፣ ትሸከማለህ፣ ትሮጣለህ። ስለዚህ ክሊቱን አሳነሱት፣ ከብረት ሠሩት፣ ሶሉ ውስጥ ቀበሩት። ዙሪያውን ጎማ አለ። መሬት የሚነካው ጎማው ነው። ድንጋይ ላይ ትንሽ ቀጭ ቀጭ ይል ይሆናል እንጂ እንደ ሰው ትራመዳላችሁ። በዚያ ላይ ፔዳሉ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ፊት ይቆልፋል። የኮርሱ ግን በአንድ ፊት ብቻ ነው፤ መብራት ሲለቅ ዓይናችሁን ወደ ታች ጥላችሁ ፔዳል ትፈልጋላችሁ፣ ከኋላ መኪናው ጡሩንባ ይነፋል።

አራት ቀዳዳም አለ፣ ስፒድፕሌይ ለሚባለው ፔዳል። የያዛችሁ ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው ወገን ምንም ቀዳዳ የለውም። ጠፍጣፋ ፔዳል ላይ የሚረገጥ ጫማ ነው። ይህን ንቃችሁ አትለፉት። ጥሩ ጠፍጣፋ ፔዳል ላይ የብረት ጥርሶች አሉ። ጫማው ደግሞ ለስላሳ፣ የሚያጣብቅ ጎማ አለው። ፋይቭ ቴን የሚባለው ድርጅት ይህን ጎማ የወሰደው ከዓለት መውጫ ጫማ ነው። ጥርሱ ጎማው ውስጥ ሲሰምጥ እግር አይንሸራተትም። ቁልቁለት የሚወርዱ ማውንቴን ነጂዎች ብዙዎቹ ይህንኑ ነው የሚመርጡት። መንሸራተት ሲጀምሩ እግራቸውን ወዲያው ማውጣት ይፈልጋሉ።

አሁን አንዱ እጁን አነሳ። «ግን ካልተቆለፈ ፔዳሉን ወደ ላይ መሳብ አልችልም፤ ግማሽ ኃይሌ ይባክናል» ሊል ነው። ልክ ነኝ? ይህን ወሬ እኔም ለዓመታት አወራሁት። በ2016 የወጣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሩጫ ጫማ አድርጎ ጠፍጣፋ ፔዳል የሚነዳንና የብስክሌት ጫማ ቆልፎ የሚነዳን ሰው አወዳደረ። በተረጋጋ አነዳድ ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት አልተለያየም። እግራችን ወደ ላይ ሲመለስ ብዙም አይስብም፤ ሥራው ያለው ወደ ታች ስንረግጥ ነው። መቆለፍ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። በሙሉ ኃይል ስትፈተለኩ፣ ቆማችሁ ስትረግጡ፣ ሻካራ መንገድ ላይ ስትናጡ እግራችሁ ካለበት አይነቃነቅም። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ትንሽም አይደለም። ግን በእርጋታ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው «ሳልቆለፍ ጉልበቴ ባከነ» ብሎ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

ታዲያ የብስክሌት ጫማ ለምን ይገዛል? ለሶሉ። ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል ብታዞሩ በሁለት ሰዓት 9,600 ዙር ነው። እያንዳንዱ እግር 9,600 ጊዜ ረገጠ ማለት ነው፤ ያውም የእጅ መዳፍ በማታክል ቦታ ላይ። ሶሉ ለስላሳ ከሆነ ፔዳሉ ላይ ይታጠፋል። ጫናው ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፣ እግራችሁ መሀል ለመሀል ይቃጠላል። ጠንካራ ሶል ያንን ጫና መላው እግር ላይ ያከፋፍለዋል።

ጠንካራ ሲባል ደግሞ እስከ መጨረሻው ጠንካራ ማለት አይደለም። ካርቦን ቀላልና ድርቅ ያለ ነው። ናይለን ትንሽ ይታጠፋል፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ዋጋው ይቀንሳል። ለብዙ ሰው ናይለን በቂ ነው። እንዲያውም በእግሩ ለሚራመድ ሰው ካርቦን ቅጣት ነው፤ ተረከዝህ ከጫማው ውስጥ ይወጣል እንጂ ሶሉ አብሮህ አይታጠፍም። ሻጭ «የዚህ ጥንካሬው 10 ነው፣ የዚያ 7» ቢላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሁለቱም የአንድ ድርጅት ናቸው ወይ? ቁጥሩን እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ መለኪያ ነው የሚያወጣው። የአንዱን 10 ከሌላው 10 ጋር ማወዳደር አይቻልም።

አሁን ወደ ልኩ ልሂድ፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ይቺን ያዙ።

የአውሮፓ ቁጥር፣ 41፣ 42፣ 43 የምንለው፣ አንዱ ከቀጣዩ የሚለየው በ6.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ቁጥር ከ3 ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል። በዚያ ላይ ቁጥሩ የሚነግራችሁ ጫማው የተሠራበትን ቅርጽ እንጂ የእናንተን እግር አይደለም። ስለዚህ «እኔ 42 ነኝ» ማለት ብዙም አይጠቅምም። የአንዱ 42 የሌላው 43 ነው። ወረቀት ግድግዳ ሥር አንጥፉ። ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ቁሙ። ረጅሙ ጣት የደረሰበትን ምልክት አድርጉ፣ በሴንቲሜትር ለኩ። ሁለቱንም እግር ለኩ፣ ትልቁን ያዙ። ማታ ማታ ለኩ፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ስትነዱም ያብጣል። ስትነዱ የምታደርጉትን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ከዚያ የድርጅቱን የሴንቲሜትር ሠንጠረዥ እዩ።

የብስክሌት ጫማ እንደ ሩጫ ጫማ አይደለም። ሩጫ ላይ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ስለዚህ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ከፊት እንተዋለን። ፔዳል ላይ እግር ብዙም አይታጠፍም፤ ያን ያህል ክፍት ቦታ አያስፈልግም። ተረከዝ ግን ጭራሽ መነሳት የለበትም። ጣቶች መንቀሳቀስ አለባቸው። መሀሉ እጅ እንደሚጨብጥ ጥብቅ ብሎ መያዝ አለበት፣ ሳያንቅ።

ርዝመቱ ልክ ሆኖ ጎኑ የሚጠብ ጫማ ደግሞ አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ አንድ ቁጥር ጨምሮ ይገዛል። ስሕተት ነው። ጎኑ ትንሽ ይሰፋል፣ ርዝመቱ ግን ይበዛል፣ ተረከዝ መዋኘት ይጀምራል፣ የክሊቱም ቦታ ይዛባል። አንዳንድ ድርጅቶች ሰፊ የሚባል ቅርጽ ይሠራሉ፤ ያንን ጠይቁ። «እየተለበሰ ይሰፋል» የሚለውን ደግሞ አትመኑ። ላዩ ጥቂት ይለቅ ይሆናል። ካርቦኑ ግን አንድ ሚሊሜትር አይሰፋም።

«ጣቶቼ ይደነዝዛሉ» የሚል ሰው በየቦታው ይገጥመኛል። መጀመሪያ የማየው የፊተኛውን ማሰሪያ ነው። ሰው ጫማው ጠንክሮ እንዲይዘው ብሎ ያጠብቀዋል። ጣት አጠገብ ያለው ላላ ማለት አለበት፤ ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለው ነው መጥበቅ ያለበት። እሱ ካልሆነ ጎኑ ጠባብ ነው። እሱም ካልሆነ ክሊቱ በጣም ወደ ፊት ሄዷል። ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ጉብታና ከትንሿ ጣት ሥር ያለውን ጉብታ በእጃችሁ ፈልጉ። ክሊቱ በሁለቱ መካከል ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። የሚደነዝዛችሁ ከሆነ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ተረከዝ ጎትቱት።

ማሰሪያውን በፍጥነት ልለፈው። ክር ውብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ልኩን በደንብ ይይዛል፤ ግን እየነዱ ማላላት አይቻልም። ጫፉንም ወደ ውስጥ ክተቱት፣ ካቴና ከበላው ተገለበጣችሁ። ቬልክሮ ቀላል ነው፣ ጭቃና ዕድሜ ግን ይጎዱታል። የሚሽከረከረው ቁልፍ፣ ቦኣ የሚባለው፣ መነሻው የበረዶ ሰሌዳ ጫማ ነው። እየነዳችሁ በአንድ እጅ ጠበቅ ላላ ታደርጉታላችሁ። ከለመዳችሁት ወደ ክር መመለስ ይከብዳል። እኔ ሁለት ጫማ አለኝ፣ የምወደው ባለ ክሩን ነው፣ የማደርገው ግን ሌላውን ነው።

ስለ ክሊት ቀለም አንድ ወጥመድ አለ። ክሊት ሲቆለፍ ተረከዝ ወደ ግራና ቀኝ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ይተዋል፤ ፍሎት ይሉታል። ቀለሙ የሚናገረው እሱን ነው። ሺማኖ ኤስፒዲ ኤስኤል ላይ ቀዩ 0 ዲግሪ ነው፤ ምንም አይንቀሳቀስም። ሰማያዊው 2፣ ቢጫው 6 ነው። ሉክ ኬኦ ላይ ደግሞ ጥቁሩ 0፣ ግራጫው 4.5፣ ቀዩ 9 ነው። አያችሁት? የአንዱ ቀይ ድርቅ ያለው ነው፣ የሌላው ቀይ ከሁሉ የላላው ነው። አንድ ወዳጄ ከሉክ ወደ ሺማኖ ሲቀይር «እኔ ቀይ ነኝ» ብሎ ቀይ ገዛ። ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቱን ይዞ መጣ። የጉልበት መገጣጠሚያ የራሱን መንገድ ይፈልጋል፤ ካልተወለት ይቆጣል። ጀማሪ ከሆናችሁ ከሺማኖ ቢጫ፣ ከሉክ ግራጫ ጀምሩ።

አሁን በየአነዳዱ እንሂድ። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ካልረሳችሁት አብዛኛውን መልስ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ረጅም የአስፋልት ጉዞ፣ ውድድር፣ ወጥተህ እስክትመለስ የማትወርድበት፦ ሦስት ቀዳዳ። እዚህ ክርክር የለኝም። የጠጠር መንገድ፣ ማውንቴን፣ ሻንጣ ጭኖ ከከተማ ከተማ፦ ሁለት ቀዳዳ። የጠጠር መንገድ ነጂ «የእኔ ብስክሌት እኮ ኮርስ ይመስላል» ብሎ ሦስት ቀዳዳ ሲገዛ አይቻለሁ። ብስክሌቱ ምን ይመስላል ሳይሆን አንተ የት ትወርዳለህ ነው። ሻንጣ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ሶሉ ትንሽ የሚታጠፍ ይሁን፤ ቀኑን ግማሽ በእግሩ ነው። ትራያትሎን፣ ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን የሚያገናኘው ውድድር፣ የራሱ ጫማ አለው። ማሰሪያው አንድ ወይም ሁለት ሰፊ ቬልክሮ ነው፣ ተረከዙ ላይ የሚጎተት ቀለበት አለው። ከውኃ ወጥቶ በእርጥብ እግር ለሚያደርገው ሰው ነው፤ ሌላው አያስፈልገውም። ቤት ውስጥ በቆመ ብስክሌት የምትሠሩ፣ ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት የፔዳሉን ዓይነት ጠይቁ። ብዙ ጂሞች የሁለት ብሎኑን ያስገባሉ፣ ግን ሁሉም አይደሉም። ለብርድ ወራት ደግሞ ሶሉ ሥር ያለውን የአየር ቀዳዳ እዩ። በጋ ላይ የምትወዱት ቀዳዳ ክረምት ላይ ጠላታችሁ ነው። ወፍራም ካልሲ ጠባብ ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅ ደግሞ ደም ያግዳል፣ ይበልጥ ይበርዳችኋል።

ከተማ ውስጥ በየመቶ ሜትሩ የምትቆሙትስ? ጠፍጣፋ። ወይም አንድ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ አንድ ፊቱ የሚቆለፍ ፔዳል አለ። በሥራ ቀን በሸራ ጫማ፣ በዕረፍት ቀን በባለ ክሊቱ። እኔ ዛሬ የምነዳው በዚህ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።

አንዲት እህታችን «ያገለገለ ጫማ ልግዛ ወይ?» አለችኝ። ግዢ፣ ግን ገልብጠሽ እዪ። የክሊቱ ብሎኖች ዝገው ራሳቸው ተበልቶ ከሆነ አይወጡም፤ ተዪው። ሶሉን በሁለት እጅ አጣምመሽ ስንጥቅ ፈልጊ። የተረከዙ ጎማ ካለቀ የሚቀየር መሆኑን ጠይቂ። ክሊቱን ለማንኛውም አዲስ አድርጊ። ስታስሪ ብሎኖቹን ግሪስ ቀቢ፣ የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ መፍቻ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር አጥብቂ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ፈትሺ። የላላ ክሊት አደጋ ነው። እግርሽን ስታዞሪ ጫማው ብቻ ይዞራል፣ ክሊቱ ግን ፔዳሉ ላይ ይቀራል።

«ክሊት መቼ ይቀየራል?» ለሚለው፣ ሲገባ የለመዳችሁት ቀጭ የሚል ድምፅ ሲጠፋ፣ ወይም ሳታስቡት መልቀቅ ሲጀምር። አንዳንዶቹ ላይ እስከዚህ ከተበላ ቀይሩ የሚል ምልክት አለ።

ከኋላ ያለው ወጣት። «ሳልወድቅ እንዴት ልማር?» ጥሩ። የፔዳሉን መልቀቂያ በትንሿ ብሎን እስከ መጨረሻው አላላው። ግድግዳ ይዘህ ቁም። ግባ፣ ውጣ፣ ግባ፣ ውጣ፣ እስኪሰለችህ። እግር የሚወጣው ወደ ላይ በመሳብ አይደለም፤ ተረከዝህን ወደ ውጭ በማዞር ነው። ስትደነግጥ ግን ትስባለህ፤ ሁሉም ሰው ይስባል። ስለዚህ ከቆምክ በኋላ ሳይሆን ገና እየተንከባለልክ አውጣ።

«የትኛውን እግር?» የፈለግከውን፤ ግን ሁልጊዜ አንዱን። ካወጣኸው በኋላ ደግሞ ወደዚያው ጎን ዘንበል በል። እውነቱን ልናገርና ልቀመጥ፣ ያን ቀን መብራቱ ላይ ግራ እግሬን በደንብ አውጥቼ ነበር። የወደቅኩት በቀኝ ነው።